ከድር ያለበት ውኃ

ባለፈው ሰሞን አፍንጫዬ ተዘግቶ እንቅልፍ ነሳኝና ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ የልጅ ልጄ የሚሆን ነው። ጫፏን አፍንጫ ውስጥ አስገብተው የሚነፏት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። "እማማ፣ መድኃኒት እንኳ አይደለም፤ የባሕር ውኃ ነው። ምንም አይጎዳዎትም" አለኝ።

የባሕር ውኃ አይጎዳም! ወይ ጉድ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ከየት ይወቀው። "እሺ ልጄ፣ ተባረክ" ብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ አንዴ ብነፋው በአፍንጫዬ ገብቶ በጉሮሮዬ ወረደ። ያ ጨው ሆኖ ሳለ ምርር የሚል ነገር ምላሴ ላይ ሲደርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠርሙሷን ለጎረቤት ሰጠኋት። አፍንጫዬም እንደተዘጋ ይኑር፣ ምን ቸገረኝ።

ያን ጣዕም ከዚያ በፊት የቀመስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚሁ አሰላ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ዓመት።

አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ወንድሜ ከድር በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ሰምጦ ቀረ። እኛ ቤት መርዶው የተነገረው መጋቢት ላይ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ እናቴ ልጇን የጠበቀችበት፣ እኔ ደግሞ አርፌ እንደመቀመጥ ያስጠበቅኳት ጊዜ ነው። ምላሴን በቆረጠው!

አባቴ ሁሴን ልብስ ሰፊ ነበር። ገበያው ዳር ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ከጧት እስከ ማታ ይረግጣል። እናቴ ፋጡማ የሲሬ ልጅ ናት፤ አማርኛው ሲያልቅባት በኦሮምኛ ትሞላዋለች፣ ስትቆጣና አንጀቷ ሲላወስ ግን ኦሮምኛ ብቻ ነው። ከድር የበኩር ልጇ ነው። በእሱና በኔ መሃል ሦስት ወልዳ ሦስቱም አልቆዩላትም፤ ስለዚህ ከድርን አይታ አትጠግበውም። እሱ ግን መርፌና ክር አልወድም አለ። "እኔ እንደ አባባ ጎብጬ አልኖርም" ብሎ ስንዴ በጫነ መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ናዝሬት ይቀራል ስንል አዲስ አበባ ገባ፣ አዲስ አበባ ይቀራል ስንል ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ሳምቡክ በሚሏት ባለሸራ የእንጨት ጀልባ ላይ ሥራ አገኘ። አንድ ደብዳቤ ላከ። "ባሕሩ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ" ይላል። ያቺን ደብዳቤ እናቴ ስንት ጊዜ እንዳስነበበችኝ አላህ ነው የሚያውቀው።

"ባሕር ምንድን ነው?" ትለኛለች።

"ውኃ ነዋ።"

"እንደ ቀለጣ ወንዝ?"

"ከቀለጣ ይበልጣል።"

"ድልድይ አለው?"

ድልድይማ አያጣም አልኳት። እሷም ደስ አላት፣ ልጇ ሲመጣ በድልድይ ይሻገራላ።

እኔ ባሕሩን በዓይኔ ያየሁት ይመስለኝ ነበር። ከትምህርት ቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ሆኖ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ቁልቁል ወደ ምዕራብ ያየ ሰው የዝዋይን ሐይቅ ያያል፤ ቀጭን ሆኖ ያብለጨልጫል። ባሕሩ እሱ ነው ብዬ ቆርጬ ስለነበር ጧት ጧት እዚያ ጋ ስደርስ ሻሼን ፈትቼ አውለበልባለሁ። ከድር ጀልባው ላይ ቆሞ ቀና ሲል ያየኛል ብዬ።

ጋሽ ተወልደ የመጡት በዚያ መስከረም ነው። የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፣ ተወልደው ያደጉት ምጽዋ። የአሰላ ብርድ አንዘፈዘፋቸው። ኮታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጋቢው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው ነበር የሚያስተምሩት፤ ጠመኔውን እንኳ የሚይዙት በጋቢያቸው ጫፍ ነው። እኛ ባለጌዎቹ "ጋቢው" የሚል ስም አወጣንላቸው። ዛሬ ሳስበው ሃያ ስድስት ዓመት ቢሞላቸው ነው፤ ለኛ ግን ሽማግሌ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን "ባሕር ያየ አለ?" ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ።

"የት አየሽ?"

"እዚሁ፣ ከጉብታው ላይ።"

አልሳቁብኝም። ልጆቹ ሲስቁ ተቆጧቸው። "እሱ ሐይቅ ነው" አሉኝ። "ሐይቅ ማዶው ይታያል። የባሕር ማዶው አይታይም።"

ማዶው የማይታይ ውኃ! ወንድሜ እዚያ እንዳለ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። አገራቸውን የሚያውቅ ሰው ያገኙ ያህል ሆኑ። "በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስሄድ ፈልጌ አገኘዋለሁ" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ጋሽ ተወልደ ዘመድ ሆንን።

ባሕሩን እንዴት እንዳስተማሩን ልንገራችሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ገጽ ነው፤ ሥዕሉም ጠቁሮ ዓሣው ከድንጋዩ አይለይም። ስለዚህ የክፍላችንን የሲሚንቶ ወለል በጠመኔ ከፋፈሉት። በሩ ምጽዋ ነው። ፊት ወንበር የተቀመጡት ልጆች ዳር ያለው ውኃ ላይ ናቸው፤ ፀሐይ እስከ ታች ይገባል፣ ዛጎል አለ፣ ሸርጣን አለ፣ በቀለም የተነከሩ የሚመስሉ ትናንሽ ዓሦች አሉ። መሃል የተቀመጡት ወለሉ ቁልቁል የሚወርድበት ላይ ናቸው፤ ኤሊው፣ ሻርኩ፣ ስምንት እጅ ያለው ፍጥረት እዚያ ነው። የኋላው ወንበር ጥልቁ ነው። የክፍሉ የኋላ መስኮት በሳንቃ ስለተመታ ድሮም ጨለማ ነበር። እኔ በቁመቴ ምክንያት የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። በየዓመቱ እዚያ መቀመጤ ያበሳጨኝ ነበር፤ ያን ዓመት ግን ኮራሁበት። "ጥልቁ የኔ ነው" እላለሁ።

በየቀኑ ከፊት ወንበር ጀምረው በተራ ለአንድ ልጅ አንድ ፍጥረት ይሰጣሉ። ያ ልጅ ስለዚያ ፍጥረት ተነሥቶ ይናገራል፤ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚበላው። ፊት ወንበር ያለች አንዲት ልጅ ሸርጣን ሆና በጎኗ ስትሄድ እንኳን እኛ ርዕሰ መምህሩም በመስኮት አይተው ሳቁ። ሻርክ የሆነው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲነክስ ከረመ። ጋሽ ተወልደ ጋቢያቸውን የጣሉበት ብቸኛ ጊዜ ያ ነው፤ ስለ ባሕር ሲያወሩ አይበርዳቸውም።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባኝ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ይበልጣል ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እንግዲህ እኛ ከባሕር በላይ ከሆንን ባሕሩ ከታቻችን ነው ማለት ነው፤ ከአሰላ ሥር። ገብቶኝ ሞቻለሁ! ጎረቤታችን ጉድጓድ ውኃ ነበራቸው። ክዳኑን ገልጬ "ከድር!" ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ ተመልሶ መጣ። ባለቤቲቱ በአርጩሜ አባረሩኝ።

ማታ ማታ የተማርኩትን ሁሉ ለእናቴ እነግራታለሁ። ያኔ እርጉዝ ናት፣ እግሯ አብጦ ፍራሽ ላይ ተዘርግታ ታዳምጠኛለች። ድልድይ እንደሌለው ስነግራት ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ ያጠፋሁት እኔ ይመስል። ቀስ በቀስ ግን ለመደችው። ስለ ኤሊው ስነግራት "እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ትሄዳለች? ሞቼ ልገኝ! እናት ናት እሷ?" አለች። ስለ ሻርኩ ስነግራት ደግሞ "ከድር ይዋኛል?" ብላ ጠየቀችኝ። ይዋኛል አልኳት። አሰላ ያደገ ልጅ የት ነው ዋና የሚማረው? ግን ይዋኛል አልኳት።

ጥር ላይ ጋሽ ተወልደ አገራቸው ሊሄዱ ሲነሡ እናቴ ጭኮ ሠራች። ገብስ ቆላች፣ አስፈጨች፣ ቅመም ባለው ቅቤ አሸችው፤ ጭኮ ወር ቢቀመጥ አይበላሽም፣ የመንገደኛ ምግብ ነው። በቀንድ ሙዳይ ጠቅጥቃ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ ዘጠኝ ወር የሞላት ሴትዮ ራሷ ይዛ በር ድረስ ወጣች።

"መምህር፣ በእጁ ይስጡልኝ። ለጓደኞቹ ሳይሰጥ በፊት እሱ ይብላ። ሲበላ ይዩልኝ" አለቻቸው።

"እሺ እትዬ ፋጡማ፣ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።"

እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ እናቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ቤቱ ደስታ በደስታ ሆነ። እሷ ግን በመጀመሪያ የተናገረችው "ለከድር ማን ይነግርልኛል?" የሚል ነው።

ዕረፍቱ አልቆ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ለአባቴ ምሳ ይዤ ወደ በረንዳው ሄድኩ። መኪናው ላይ ሰው የለም፣ የተጀመረ ሱሪ በመርፌው ሥር እንዳለ ተትቷል። ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል ድምፅ ሰማሁ። ሳንቃው ስንጥቅ አለው። በስንጥቁ ሳይ አባቴ አለ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ ሀጂ በሽር አሉ፣ ጋሽ ተወልደ ደግሞ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ ኮታቸው አቧራ ለብሶ ቆመዋል። "ከድር" የሚል ስም ሰማሁ።

"አራስ ናት" አሉ ሀጂ በሽር። "ለአራስ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። አርባዋ ይውጣ።"

"እኔስ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት ሀጂ?" አሉ ጋሽ ተወልደ።

"እንደምንም ይቻሉት መምህር። አርባዋ በወጣ ማግሥት በማለዳ ሰብሰብ ብለን እንሄዳለን። እስከዚያ ለሴትም ለልጅም ትንፍሽ እንዳይባል።"

አባቴ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ከየት ልወቅ? ለአራስ ቅቤ የሚሰጥ እንጂ ወሬ የሚከለከል አይመስለኝም ነበር። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ይህን ነው፤ የከድር ጉዳይ ነው፣ ምሥጢር ነው፣ በአርባኛው ቀን ማግሥት በማለዳ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣሉ፣ አባቴም አለቀሰ። ሰው ደስ ሲለውም ያለቅሳል፤ እናቴ ወንድ ልጅ ስትወልድ ያለቀሰ ሰው ነው። በቃ፣ ከድር ሊመጣ ነው። ሊያስደንቋት ነው።

ሩጬ ቤት ገባሁ። አራስ ቤቱ ጨለም ያለ ነው፣ ሕፃኑ ጡት ይጠባል።

"እማ" አልኳት በጆሮዋ፣ "ከድር ይመጣል። በአርባሽ።"

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። የኔ ቡኮ ግን እናቴን አርባዋ እስኪወጣ አበላት።

መጀመሪያ አላመነችኝም። ሀጂ በሽር እንዳሉት፣ አባባ እንዳለቀሰ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። ያረቢ፣ ፊቷን ብታዩት! "ኢንታላ ኮ" እያለች ሳመችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ከንፈሬን በጣቷ ያዘችና "እኔ እንዳወቅሁ ለአባትሽ አትንገሪ። ሊያስደንቁኝ ፈልገው፣ ደስታቸውን አናበላሽ" አለችኝ። እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ አባቴ ከእሷ ይደብቃል፣ እሷ ከእሱ ትደብቃለች፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ በሁለቱም እስቃለሁ።

ጋሽ ተወልደ ሊጠይቋት መጡ። ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው "እንኳን ማርያም ማረችዎት" ብለው ወዲያው ደንግጠው "እንኳን አላህ በሰላም ገላገለዎት" ብለው አረሙት። እናቴ ሳቀች።

"ጭኮውን በላ?" አለች።

"ሥራ ላይ ነው አሉኝ እትዬ። ጓደኞቹን ነው ያገኘሁት። ጭኮውን... በልተውታል። ጣታቸውን ነው የላሱት።"

"እሱን ሳያስቀሩለት? አይ ወንዶች!" አለች። ግን አልተከፋችም፣ እሷ የምታውቀውን ታውቃለቻ። ጋሽ ተወልደ ቡና እንኳ ሳይጠጡ ወጡ። እኔ ብርዱ ነው አልኩ።

ለክፍላችን ቃል እንደገቡልን አንድ ጠርሙስ የባሕር ውኃ ይዘው መጥተው ነበር። ውኃው ንጹሕ ነው፣ ከጉድጓድ ውኃ አይለይም። ተሰልፈን እያንዳንዳችን ጣታችንን ነክረን ቀመስን። ልጆቹ እየተፉ ተንጫጩ። እኔ ዋጥኩት። ከዚያ ማንም ሳያየኝ የሻሼን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ነክሬ፣ ጨምድጄ ይዤ፣ ወደ ቤት በረርኩ።

"ከድር ያለበት ውኃ ነው" አልኳት።

እናቴ የሻሹን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተችው። ዓይኗን ጨፍና ቆየች። "ሆራ ነው" አለች። ሆራ የምንለው ከብት የሚጠጣው ጨዋማ ምንጭ ነው፤ እሷ ልጅ ሆና ከአባቷ ጋር ከብት ይዛ የምትወርድበት። "ሆራማ ደግ ነው። ከብቱ ሁሉ ጠጥቶት ይወፍራል።" ሻሹን እስኪደርቅ መጠጠችው።

አምላኬ፣ ስንቴ ይቅር በለኝ እንዳልኩ አንተ ታውቃለህ።

ትምህርት ከጀመረ በኋላ ጋሽ ተወልደ ባሕሩን ተዉት። በጠመኔ የተሠመረውን ወለል አስጠረጉና ስለ ተራራ ማስተማር ጀመሩ። ጭላሎን፣ ባሌን፣ ራስ ዳሸንን። እኔ ተናደድኩ። የፊቶቹም የመሃሎቹም ተራቸው ደርሷቸው የኋላዎቹ ቀርተናል። አንድ ቀን ተነሣሁ።

"ጋሼ፣ የኔ ቦታ ቀረ።"

"የቱ ቦታ?"

"ጥልቁ። ወለሉ። ሳንማረው ቀረ።"

"ለፈተና አይመጣም፣ ተቀመጪ።"

"ወንድሜ ያለበት ነውኮ ጋሼ! ሲመጣ እኔ አላውቅም ልለው ነው?"

ክፍሉ ሁሉ "ጥልቁ! ጥልቁ!" ብሎ ጮኸ። እምቢ ካሉኝ እጠረጥራለሁ ብለው ይሆናል፣ ወይም ጉልበት አጥተው፣ እንጃ። ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ አንድም ጊዜ ዘወር ሳይሉ ስለ ውቅያኖስ ወለል ጻፉ፣ ተናገሩም። የፀሐይ ብርሃን አይደርስም። ሌሊትና ቀን የለም። ውኃው በጣም ይቀዘቅዛል። ከላይ የሞተው ሁሉ ተበጣጥሶ፣ እንደ ዱቄት እየተነፋ፣ ቀን ከሌት ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ፍጥረታት እሱን ይበላሉ። ዓይን የሌላቸው አሉ። መብራታቸውን በራሳቸው ላይ ይዘው የሚዞሩ አሉ።

"ሰውስ ጋሼ?" አልኩ። "ሰው ቢወድቅ?"

ጠመኔው ቆመ። "ሰው እዚያ ምንም ሥራ የለውም" አሉና ወጡ። ደወሉ ሳይደወል ወጡ። በመስኮት ሳይ ከባሕር ዛፉ ሥር ግንባራቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ቆመዋል። ጉንፋን ይዟቸዋል ተባባልን።

እኔ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ገልብጬ፣ ሥዕል ጨምሬ፣ ከላይ ጀልባ፣ ከታች ጥቁር በጥቁር አድርጌ ቀለም ቀባሁት። ጋሽ ተወልደ ደብተር ሲያርሙ ያቺን ገጽ በቀይ ምልክት አድርገውባታል፣ ግን እንደ ሌላው ጊዜ "ጎበዝ" አላሉበትም። ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ስለ ዱቄቱ ስነግራት ዝግንን አላትና "ተይኝ፣ ጡቴ ይደርቃል" አለች። እኔ ግን ጨረስኩላት። ጎበዝ ተማሪ ነኛ!

እናቴ አባቴን "ለከድር ሸሚዝ ስፋለት" ብላ ያዘችው። አባቴ ምን ይበል? ነጭ ፖፕሊን ገዝቶ ቆረጠ። "ደረቱን ጨምርለት፣ የባሕር ሥራ ያሰፋዋል" ትለዋለች፤ ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። "እጅጌው አጠረ" ትላለች፤ ይፈታል። ለሰው ሙሉ ልብስ በሁለት ቀን የሚያደርስ ሰው ለአንድ ሸሚዝ ወር ፈጀበት። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አገኘሁት፣ የአንገቱን ክር እየተረተረ ዓይኑን ያብሳል።

"አባባ፣ ለገዛ ልጅህ ሲሆን ሰነፍክ እንዴ?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አባቴ በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም፣ ያን ቀን ሊመታኝ እጁን አነሣ። ከዚያ እጁ ጭኑ ላይ ወደቀ። "ክሩ እየተበጠሰ አስቸገረኝ" አለ።

አርባው ወጣ። በዚያው ዕለት ማታ እናቴ ታጠበች፣ እጇን ሂና ተቀባች፣ ሸሚዙን አጣጥፋ ትራሷ ሥር አደረገች። አባቴ "ለምንድን ነው ይህ ሁሉ?" ቢላት "አርባዬ ነዋ!" አለችው፣ ለኔም በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም።

ንጋት ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ግቢያችን ውስጥ ተሰማ። ሰው እየተጠነቀቀ ሲረግጥ ይታወቃል። በሩ ሳይንኳኳ እናቴ ተነሥታ ነበር። ሕፃኑን ለኔ አቀበለችኝ፣ ሸሚዙን በእጇ ይዛ በሩን ብርግድ አድርጋ ከፈተችና እልልታዋን ለቀቀችው።

እልል አለች። እልል። እልል። ሦስት ጊዜ።

በሩ ላይ ሀጂ በሽር ቆመዋል። ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ተወልደ ያለ ጋቢ፣ በዚያ ውርጭ። እናቴ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች፣ ከኋላ ያለውን ለማየት በእግሯ ጣት ቆመች። የምትፈልገው አልነበረም።

ሀጂ በሽር "ፋጡማ ልጄ፣ የአላህ ሆነ" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጩኸት አልጽፈውም። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ይበቃኛል።

ነገሩን በለቅሶው ላይ ነው የሰማሁት። ጀልባዋ ወደ ማዶ፣ ወደ የመን ስትሻገር ማዕበል መትቷት መሃል ላይ ሰጠመች። አንድም ሰው አልተገኘም። ጋሽ ተወልደ ጭኮውን ይዘው ወደቡ ላይ ሦስት ቀን ከተንከራተቱ በኋላ ለጀልባ ሠራተኞች በከድር ስም ሶደቃ ሰጡት። አስከሬን የሌለው ሶላት ተሰገደ። ሕፃኑ የጎረቤት ጡት ጠባ፣ ሽማግሌዎቹ የፈሩት አልቀረም፤ የእናቴ ጡት በዚያው ቀን ደረቀ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል እናቴ በስሜ ጠራችኝ። ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ድምፅዋ ጠፍቷል፣ ቡልኮ ደርባለች። ከመርዶው ንጋት ጀምሮ አላየችኝም፣ አላናገረችኝም ነበር።

"ዘሃራ፣ ይመጣል ያልሽኝ ውሸት ሆነ" አለችኝ።

"አዎ እማ።" መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ያም ውሸት ነው በይኝ። ስለ ወለሉ የነገርሽኝ። ጨለማው፣ ዱቄቱ፣ የሚበሉት። ከራሴ ፈጥሬ ነው በይኝ።"

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ውሸታም የተባልኩ መሰለኝ። አንዱን ዋሽቻለሁ፤ ይህኛውን ግን አልዋሸሁም፣ ተምሬ ነው፣ እናቴ ይህን ብቻ እንድታምነኝ ፈለግኩ። የልጅ ልብ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ነው።

"እውነት ነው እማ! ወላሂ እውነት ነው!" አልኩና ሮጬ ደብተሬን አመጣሁ። ገጹን ገልጬ ጭኗ ላይ አደረግኩላት። "ይኸው፣ ጋሽ ተወልደ ያረሙት ነው፣ ይኸው ቀዩ።"

እናቴ ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን ግን ታያለች። ከላይ ከጀልባዋ ጀምራ በሂና በቀላው ጣቷ ቀስ እያለች ቁልቁል ወረደች።

"የቱ ጋ ነው?"

"እዚህ" አልኳት፣ ጣቷን ይዤ ጥቁሩ ላይ አሳረፍኩት።

"ይበርዳል?"

"በጣም ይበርዳል።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የደረበችውን ቡልኮ ከትከሻዋ አውርዳ አጣጠፈችና ጎኗ አስቀመጠችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከሞተችበት ቀን ድረስ፣ አሥራ ስድስት የአሰላ ክረምት፣ እናቴ ምንም ደርባ አልተኛችም፤ አባቴ ቢለምናት፣ እኔ ብለምናት፣ ሕፃኑ አድጎ ቢለምናት እምቢ አለች። ቀይ ባሕር እስከ ወለሉ ድረስ ሞቃት መሆኑን እኔ ያነበብኩት እሷን ከቀበርናት በኋላ ነው።